ሄድፎንና ሃይ ሬዝ ማጫወቻ ይስማማሉ? ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ስሌት

ሃይ ሬዝ (ከሲዲ በላይ ጥራት ያለው ፋይል የሚያጫውት) የሙዚቃ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ማጫወቻው ላይ ይጨርሳል። ሄድፎኑን ከተረፈው ይገዛል። ሌላው ደግሞ ስሙ የገነነ ሄድፎን ይገዛና ማጫወቻው ሊገፋው ያቅተዋል። ቮሊዩሙ እስከ ጥግ ወጥቶም ድምፁ ቀጫጫ ይሆናል። ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ገዝተዋል፤ ጥሩ ድምፅ ግን አላገኙም።

እኛ ጋ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማጫወቻ ይዞ ገብቶ አሥር ሄድፎን ሞክሮ የሚወጡበት ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው። ዕቃው በአብዛኛው ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚገባው። አልስማማ ቢል መመለሻ የለውም። ስለዚህ መስማማታቸውን አስቀድሞ በወረቀት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደግነቱ ይህ ይቻላል። ሦስት ቁጥሮችና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ሄድፎኑን ምረጡ

የምትሰሙትን ድምፅ ጠባይ በዋናነት የሚወስነው ሄድፎኑ ነው። በአግባቡ የተሠሩ ሁለት ማጫወቻዎች ልዩነታቸው ትንሽ ነው። የሁለት ሄድፎኖች ልዩነት ግን ለሙዚቃ ብዙ ትኩረት የማይሰጥ ሰው እንኳ ወዲያው የሚለየው ነው። የበጀታችሁን ትልቁን ድርሻ ለሄድፎኑ ስጡት። ማጫወቻው እሱን ለመንዳት የሚበቃ ይሁን እንጂ ከዚያ በላይ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

ምርጫውን የት ነው የምሰማው ከሚለው ጀምሩ። በታክሲ፣ በባቡር፣ ሰው በበዛበት ቢሮ ከሆነ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ወይም ጀርባው የተዘጋ ሄድፎን ያስፈልጋችኋል። ጀርባው ክፍት የሆነው ሄድፎን ድምፁ ሰፊና አየር ያለው ነው፤ ግን የውጭውን ጫጫታ እንዳለ ያስገባል፤ የእናንተንም ሙዚቃ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ያሰማል። እሱ የቤት ዕቃ ነው። ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ከቤት ውጭ ሊሰማ ነው የሚገዛው። ለዚህም ይመስለኛል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ጥሩ ኢርፎን የተሻለ ምርጫ የሚሆነው። ለመንዳት ቀላል ነው፤ ኪስም ይገባል።

ሦስቱን ቁጥሮች ፈልጉ

ከሄድፎኑ ዝርዝር መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ።

የመጀመሪያው ኢምፒዳንስ ነው። በኦም ይለካል። ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ጉዞ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ኢርፎኖች ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 50 ኦም ባለው ክልል ውስጥ ናቸው። የስቱዲዮ ሄድፎኖች 250፣ 300፣ አንዳንዶቹ 600 ኦም ይደርሳሉ።

ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ሄድፎኑ የተወሰነ ኃይል ሲሰጠው ምን ያህል ይጮኻል የሚለውን በዴሲቤል ይነግራችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ወጥመድ አለ። አንዱ አምራች በ1 ሚሊዋት ለክቶ ይጽፋል፤ ሌላው በ1 ቮልት ለክቶ ይጽፋል። በ1 ቮልት የተለካው ሁልጊዜ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ሁለቱን እንዳለ ማወዳደር ያሳስታል። በቮልት የተጻፈውን ወደ ሚሊዋት ለመለወጥ፣ ሄድፎኑ 16 ኦም ከሆነ 18 ቀንሱለት፤ 32 ኦም ከሆነ 15፤ 250 ኦም ከሆነ 6፤ 300 ኦም ከሆነ 5። ለምሳሌ 32 ኦም ሆኖ “122 ዴሲቤል በቮልት” የተባለ ኢርፎን በሚሊዋት ሲታይ 107 ነው። 107 ዴሲቤል በሚሊዋት ተብሎ ከሚሸጥ ሌላ ባለ 32 ኦም ኢርፎን ጋር እኩል ይጮኻል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር የማጫወቻው ነው፤ የሚያወጣው ጉልበት። በሚሊዋት ወይም በቮልት ይጻፋል። በሚሊዋት ከተጻፈ “በስንት ኦም?” ብላችሁ ጠይቁ። ያለ ኦም የተጻፈ ሚሊዋት ምንም አይነግራችሁም። በ16 ኦም 100 ሚሊዋት የሚሰጥ ማጫወቻ በ300 ኦም ላይ ያንን ያህል አይሰጥም።

ስሌቱ

ይህ ክፍል ላይ ረጋ በሉ። ቀሪው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

የማጫወቻውና የሄድፎኑ ነገር ከሮቶ ውኃ ጋር ይመሳሰላል። ቮልት የሮቶው ከፍታ ነው፤ ግፊቱን ይሰጣል። ኦም የቱቦው ጥበት ነው። ቱቦው ሲጠብ ውኃው በቂ ሆኖ እንዲወርድ ሮቶው ከፍ ማለት አለበት። ለዚህ ነው ባለ 250 እና 300 ኦም ሄድፎኖች ቮልት የሚጠይቁት። ቱቦው ሰፊ ሲሆን ደግሞ ከፍታው ብዙ አያሳስብም፤ ግን ሮቶው ውስጥ በቂ ውኃ መኖር አለበት። እሱ ከረንት ነው፤ በሽቦው የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ መጠን። ፕላናር የሚባሉት፣ በስስ ጠፍጣፋ ሽፋን ድምፅ የሚያወጡ ሄድፎኖች፣ ብዙዎቹ ከረንት ይፈልጋሉ።

አሁን ግብ እናስቀምጥ። በረጋ መንፈስ ስንሰማ አማካዩ ድምፅ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሙዚቃ ግን ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ከበሮ ሲመታ፣ ኦርኬስትራ ሲነሣ ድምፁ ከአማካዩ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይዘላል። ማጫወቻው ያንን ዝላይ ሳይቆርጥ ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ ለአፍታ ጫፍ 110 ዴሲቤል ብለን እናስላ። 110 ላይ ስሙ ማለቴ አይደለም። መጠባበቂያ ነው።

ሎጋሪዝም አያስፈልግም። ሁለት ነገር ያዙ፦ 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ አሥር እጥፍ። ሴንሲቲቪቲው ሄድፎኑ በ1 ሚሊዋት የሚጮኸው ነው፤ ከእሱ እስከ 110 የሚጎድለውን ዴሲቤል ቁጠሩ። በዚህ መሠረት 13 ዴሲቤል ሲጎድል 20 ሚሊዋት ያስፈልጋል፤ 16 ሲጎድል 40 ሚሊዋት። ከዚያ ቮልቱን ለማግኘት ኃይሉን በዋት አድርጋችሁ በኦም አባዙትና ካሬ ሩቱን ውሰዱ።

በእውነተኛ ዕቃዎች እንየው።

ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም 50 ኤክስ 38 ኦም ነው፤ ሴንሲቲቪቲው 99 ዴሲቤል። እስከ 110 ድረስ 11 ይጎድለዋል። ወደ 13 ሚሊዋት ማለት ነው። 0.013 ሲባዛ በ38፣ ካሬ ሩቱ 0.7 ቮልት ገደማ። ቀላል ነው።

ባየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ፣ ባለ 250 ኦሙ፣ 96 ዴሲቤል ነው። 14 ይጎድለዋል፤ 25 ሚሊዋት። ኃይሉ ትንሽ ይመስላል። ቮልቱን ስታሰሉት ግን 2.5 ይሆናል። አያችሁ? ከኤም 50 ኤክስ ጋር ሲተያይ ሚሊዋቱ እጥፍ ገደማ ነው፤ ቮልቱ ግን ሦስት እጥፍ ተኩል አልፏል።

ሂፊማን ሰንዳራ፣ በመጀመሪያው መግለጫው፣ 37 ኦምና 94 ዴሲቤል ነው። 16 ይጎድለዋል፤ 40 ሚሊዋት፤ 1.2 ቮልት። ቮልቱ አያስፈራም። ከረንቱ ግን 33 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ከዲቲ 990 ሦስት እጥፍ በላይ። ደካማ ማጫወቻ እዚህ ላይ ይደክማል።

ሹር ኤስኢ 846 ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ነው። 9 ኦም፣ 114 ዴሲቤል። 110 ለመድረስ ግማሽ ሚሊዋት እንኳ አያስፈልገውም። 0.06 ቮልት ይበቃዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ኢርፎን “ኃይለኛ ማጫወቻ ያስፈልገዋል” የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። እሱ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ማጫወቻ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ማጫወቻውን አምጡ። የሶኒ ዎክማን ኤንደብሊው ኤ 306 በ16 ኦም 35 ሚሊዋት ይሰጣል። 0.035 ሲባዛ በ16፣ ካሬ ሩቱ 0.75 ቮልት ነው። ይህን ከላይ ካገኘናቸው ጋር አስተያዩ። ለኤም 50 ኤክስ ለጥቂት ይበቃል። ለኤስኢ 846 ከበቂ በላይ ነው። ለዲቲ 990 ግን 2.5 ቮልት ሲፈለግ 0.75 ነው ያለው። በዴሲቤል ሲሰላ ጫፉ 99 አካባቢ ይቆማል። ድምፁ ታምቆ የተቀዳ የዘመኑን ዘፈን በደንብ ያሰማችኋል። ቀስ ብሎ የሚጀምርና የሚነሣ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ስትሰሙ ግን ቮሊዩሙ ያልቅባችኋል።

አንዳንድ ሄድፎን ደግሞ ለኪስ ማጫወቻ ፈጽሞ አልተሠራም። ሂፊማን ኤችኢ 6 50 ኦም፣ 83.5 ዴሲቤል ነው። 110 ለመድረስ ወደ 450 ሚሊዋት ይፈልጋል። እሱን የሚመኝ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አምፕሊፋየር ያስብ።

ከአውሮፓ የሚመጣ ማጫወቻ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጡ ማጫወቻዎች ጆሮን ለመጠበቅ ሲባል የድምፅ ጣሪያ ይደረግባቸዋል። ተመሳሳይ ሞዴል ሆኖ የአውሮፓው እትም ከእስያው ያነሰ ሊጮኽ ይችላል። ለቀላል ኢርፎን ችግር የለውም። ባለ ብዙ ኦም ሄድፎን ካላችሁ ግን ለዘመዳችሁ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ስለ እትሙ ጠይቁ።

የማጫወቻው የራሱ ኦም

ማጫወቻውም የራሱ ኢምፒዳንስ አለው። አውትፑት ኢምፒዳንስ ይባላል። ብዙ ገዢ አያየውም፤ ለኢርፎን ተጠቃሚ ግን ከኃይሉ ይልቅ እሱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ደንቡ ቀላል ነው። የማጫወቻው ኦም ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ አይብለጥ። ለ16 ኦም ኢርፎን ማጫወቻው ከ2 ኦም በታች ይሁን። ለ32 ኦም ከ4 በታች።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአንድ ኢርፎን ውስጥ ብዙ ባላንስድ አርማቸር ድራይቨር (ድምፅ የሚያወጣ ጥቃቅን ክፍል) ሲኖር፣ ኢምፒዳንሱ በሁሉም ድምፅ ላይ አንድ አይሆንም። ወፍራሙ ድምፅ ላይ 40 ኦም ሆኖ ቀጭኑ ላይ 8 ኦም ሊወርድ ይችላል። የማጫወቻው ኦም ትልቅ ከሆነ ቮልቱ ለሁለቱ እኩል አይደርስም። ማጫወቻው 22 ኦም ቢሆን በሁለቱ መካከል ከ7 ዴሲቤል በላይ ልዩነት ይፈጠራል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ሌላ ኢርፎን የገዛችሁ እስኪመስል ድረስ ድምፁን ይለውጠዋል። ማጫወቻው 1 ኦም ቢሆን ልዩነቱ 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም።

22 ኦም ያልኩት ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። አስቴል ኤንድ ከርን በ2012 ያወጣው ኤኬ 100 አውትፑት ኢምፒዳንሱ 22 ኦም ነበር። በኋላ የወጣው ሁለተኛው እትም ወደ 3 ኦም ዝቅ አለ። ዛሬ የሚወጡት አብዛኞቹ ጥሩ ማጫወቻዎች ከ2 ኦም በታች ናቸው። ያገለገለ ማጫወቻ ስትገዙ ግን ይህን ቁጥር ሳታዩ አትግዙ።

ባለ 300 ኦም ሄድፎን ለምትጠቀሙ ይህ ጉዳይ አያሳስባችሁም። ፕላናር ለምትጠቀሙም ብዙ አይደለም፤ የፕላናር ኢምፒዳንስ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው።

ሽሽሽ የሚለው ድምፅ

በጣም ንቁ የሆነ፣ ማለትም ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ፣ ኢርፎን የማጫወቻውን የውስጥ ጫጫታም ያሰማል። ዘፈኑ ሳይጀምር፣ ወይም በዘፈኖች መካከል፣ ከኋላ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ቮሊዩም ብትቀንሱም ካልጠፋ የመጣው ከአምፕሊፋየሩ ነው።

ጌይን የሚል ማስተካከያ (የማጉያው ደረጃ) ካለ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ያ ካልበቃ በመሐል የሚሰካ ማዳከሚያ አለ። አይፋይ የሚባለው አምራች አይኢማች በሚል ስም የሚሸጠው አንዱ ነው። ርካሽ ባለ ኖብ ማዳከሚያ ኬብሎችን ግን አልመክርም። እነሱ በመስመሩ ላይ ኦም ስለሚጨምሩ፣ ከላይ ያየነውን የ22 ኦም ችግር ራሳችሁ ገዝታችሁ ማስገባታችሁ ነው።

መሰኪያው

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። 3.5 ሚሊሜትሩ የምናውቀው ነው። 2.5 እና 4.4 ሚሊሜትሮቹ ባላንስድ ለሚባለው፣ የግራና የቀኝ ሽቦዎች ሙሉ በሙሉ ለሚለያዩበት ግንኙነት ናቸው። 4.4 ጠንካራና አስተማማኝ ነው፤ አሁን በብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች ላይ የምታዩት እሱን ነው። 2.5 ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ አሮጌ ማጫወቻ ከሌላችሁ በቀር አዲስ ኬብል አትግዙለት።

ባላንስድ “ድምፁን ያሻሽላል” ሲባል ትሰማላችሁ። እውነቱ ይህ ነው፦ በተለምዶ ቮልቱን ወደ እጥፍ ያሳድጋል። ከባድ ሄድፎን ላላችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ3.5 ቀዳዳ 2 ቮልት የሚሰጥ ማጫወቻ በ4.4 ቀዳዳ 4 ቮልት ሲሰጥ፣ ኬብሉ የሚነቀል ባለ 250 ኦም ሄድፎን በቀላሉ ይነዳል። ለቀላል ኢርፎን ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። አንዳንዴም ሽሽሽታውን ያጎላል፤ አውትፑት ኢምፒዳንሱም አብሮ ከፍ ይላል።

አሁን የምነግራችሁን በጥብቅ ያዙ። የኬብላችሁ ጫፍ 4.4 ሆኖ ወደ 3.5 ቀዳዳ የሚቀንስ አዳፕተር መጠቀም ችግር የለውም። ተገላቢጦሹ ግን አደገኛ ነው። 3.5 ጫፍ ያለውን ሄድፎን በአዳፕተር ወደ ባላንስድ ቀዳዳ አትሰኩ። ባላንስድ ላይ የግራና የቀኝ መመለሻ ሽቦዎች ተለያይተው መኖር አለባቸው። በ3.5 ጫፍ ላይ ግን ተገናኝተዋል። ስትሰኩት ሁለቱን አምፕሊፋየሮች እርስ በርስ ታገናኛላችሁ፤ ማጫወቻው ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ዓይነት አዳፕተር በገበያ ላይ ይሸጣል። መሸጡ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

በብሉቱዝ ከሆነ

በብሉቱዝ ስትሰሙ ከላይ ያሰላነው ሁሉ አይሠራም። ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ቺፕም አምፕሊፋየሩም ሄድፎኑ ውስጥ ናቸው። ማጫወቻው ፋይሉን አጭቆ መላክ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ሁልጊዜ በብሉቱዝ የሚሰማ ሰው ውድ ማጫወቻ ባይገዛ እመክራለሁ። ስልኩ ይበቃዋል።

አልፎ አልፎ ብሉቱዝ ለምትጠቀሙ አስፈላጊው ነገር ኮዴክ፣ ማለትም ድምፁ ታጭቆ የሚላክበት ዘዴ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች አንድ ዓይነት ኮዴክ መያዝ አለባቸው። አንዱ ብቻ ቢኖረው ሁለቱም ወደሚያውቁት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኤስቢሲ፣ ይወርዳሉ። ኤልዳክ የሶኒ ኮዴክ ነው፤ በሦስት ፍጥነት ይሠራል፦ 330፣ 660 እና 990 ኪሎቢት በሰከንድ። የሲዲ ያልታጨቀ ድምፅ 1411 ኪሎቢት መሆኑን ስታስቡ 990ም ቢሆን ከፋይሉ እየቀነሰ እንደሚልክ ትረዳላችሁ። ቢሆንም ድምፁ በጣም ጥሩ ነው። የአፕል ኤርፖድስ ኤልዳክም አፕቲኤክስም የላቸውም፤ ከሃይ ሬዝ ማጫወቻ ጋር ስታገናኙዋቸው የምታገኙት ኤኤሲ ወይም ኤስቢሲ ነው።

የምታገናኙት እንዲህ ነው፦

1. የሄድፎኑን ብሉቱዝ ከስልካችሁ ላይ አቋርጡ። ይህ ሳይደረግ ሄድፎኑ ሁልጊዜ ወደ ስልኩ ይሮጣል።
2. ሄድፎኑን መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ወይም ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ የማብሪያውን ወይም የብሉቱዝ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ።
3. ማጫወቻው ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ብሉቱዝ ግቡና ስሙን ምረጡ።
4. ከተገናኘ በኋላ ከስሙ ጎን ባለው ማስተካከያ ኮዴኩን አረጋግጡ። ኤልዳክ ጠፍቶ ከሆነ አብሩት።
5. የኤልዳክን ጥራት መጀመሪያ 990 ላይ አድርጉ። ሰው በበዛበት ቦታ ከተቆራረጠ ወደ 660 አውርዱት።

ሄድፎናችሁ ከሁለት ዕቃ ጋር በአንድ ጊዜ የሚገናኝ ከሆነ ያንን ማስተካከያ አጥፉት። ለምሳሌ በሶኒ ደብሊውኤች 1000 ኤክስኤም 4 ላይ ሁለቱን ስታገናኙ ኤልዳክ ይቀራል። ደግሞ ማጫወቻውን በየትኛው ኪስ እንደምትይዙ አስተውሉ። ሰውነታችን የብሉቱዝን ሞገድ ይመጥጣል። ከቀኝ ወደ ግራ ኪስ መቀየር ብቻ መቆራረጡን ሊያቆመው ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ

ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉ። ጌይኑን ዝቅ አድርጉ። ኢኳላይዘር ካለ አጥፉት። ከዚያ ሰኩ፤ ከዚያ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። አንዳንድ ማጫወቻ በአንድ ቀዳዳ ሄድፎንም ላይን አውትም (ወደ ሌላ አምፕሊፋየር የሚወስድ መውጫ) ይሠራል። ላይን አውት ላይ ከቀረ ቮሊዩሙ ሳይቆጣጠረው ሙሉ ድምፅ ይለቅቃል። ንቁ ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ሆኖ ይህ ቢፈጠር ጉዳቱ የጆሮ ነው። የምታዩት ምልክት የሄድፎን መሆኑን አረጋግጡ።

ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ለኢርፎን ቮሊዩሙ ከታች አንድ ሦስተኛው አካባቢ በቂ ከሆነ ጥሩ ጥምረት ነው። ቁጥር 2 ወይም 3 ላይ የሚያደነቁር ከሆነ ጌይኑ ከፍተኛ ነው ወይም ማጫወቻው ከልክ በላይ ነው። ሦስት አራተኛውን አልፋችሁም ካልረካችሁ ጌይኑን ከፍ አድርጉ። እሱም ካልበቃ ስሌቱ የነገራችሁ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል የሚለውን ልክ አድርጎ ያስቀምጣል። ድምፁ 3 ዴሲቤል ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም።

ማጫወቻው አንድሮይድ ላይ የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ፈትሹ። አንድሮይድ ራሱ ድምፁን ወደ አንድ ወጥ ልክ፣ ብዙ ጊዜ ወደ 48 ኪሎኸርዝ፣ ይቀይራል። ጥሩ የማጫወቻ አምራቾች ይህ እንዳይሆን ያደርጋሉ። ፋይሉ 96 ሆኖ ስክሪኑ 48 ካሳያችሁ፣ ከማጫወቻው ጋር የመጣውን የሙዚቃ አፕ ተጠቀሙ።

በምን እንፈትሽ?

በደንብ በምታውቁት ሙዚቃ። የውጭ አገር ሰው “ለመፈተሻ ጥሩ ነው” ያለውን ዘፈን አውርዶ መሞከር ብዙ አይጠቅምም። መሰማት ያለበት እንዴት እንደሆነ አታውቁትማ።

እኔ በገናን እወዳለሁ። አሥር ጅማት አለው፤ እያንዳንዱ ጅማት ሥር እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ አለች። ያቺ ናት የሚንዘረዘረውን ድምፅ የምታወጣው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ በውስጡ ግን ብዙ ቀጫጭን ንዝረቶች አሉ። ጥምረቱ ጥሩ ከሆነ ወፍራሙንም ንዝረቱንም ለየብቻ ትሰማላችሁ። ማጫወቻው ከደከመ ወይም የኦሙ ነገር ከተበላሸ ሁለቱ ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉ። ለከበሮ ምቱ ሲያርፍ ቆረጥ ማለቱን ስሙ፤ ከተንዛዛ ችግር አለ። ማሲንቆ የመካከለኛውን ድምፅ ያጋልጣል። የሴት ድምፅ ላይ ደግሞ ሰ፣ ሸ እና ጸ ፊደላትን አድምጡ። ጆሮን ከወጉ ከፍተኛው ድምፅ በዝቷል ማለት ነው። ይህ የሄድፎኑ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ኢኳላይዘር ላይ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ “የተሻለ” ይመስላል። ሻጮች ይህን ያውቃሉ።

ፋይሉንም ጠርጥሩ። ብዙዎቻችን ያለን የድሮ ዘፈን ከካሴት ተቀድቶ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ 3 የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ በአብዛኛው ተቆርጧል። ወደ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ ወደሚያጭቅ የፋይል ዓይነት) ቢቀየር መጠኑ ያድጋል እንጂ የተቆረጠው አይመለስም። ስፔክ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ስትከፍቱበት ድምፁ የት ላይ እንደተቆረጠ በሥዕል ያሳያችኋል። ሃይ ሬዝ ተብሎ የተሸጠላችሁ ፋይል 16 ላይ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ተታላችኋል። ሐሳቤን በግልጽ ለመናገር፣ በደንብ የተቀዳ የሲዲ ጥራት፣ ማለትም 16 ቢት በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ለማንኛውም ጥሩ ሄድፎን ይበቃል። ባለ 192 ኪሎኸርዙን ፋይል ለማግኘት ከመድከም የተሻለ ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

ሁለቱም እጃችሁ ላይ ካሉና ካልተስማሙ

ማጫወቻው ከደከመ ሄድፎኑን ከመሸጣችሁ በፊት ባላንስድ ቀዳዳ እንዳለውና ሄድፎኑ ኬብሉ የሚነቀል መሆኑን እዩ። ባለ 4.4 ኬብል መግዛት ከአዲስ ማጫወቻ ይረክሳል። ኬብሉ የማይነቀል ከሆነ፣ ልክ እንደ ዲቲ 990 ፕሮ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ) ከነአምፕሊፋየሩ ፈልጉ። በ3.5 ቀዳዳው 2.5 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ይሁን። ስልካችሁም ላይ ይሠራል።

ዲቲ 770 ፕሮን ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ በተለያየ ኦም እንደሚሸጥ እወቁ፤ 32፣ 80 እና 250። ለኪስ ማጫወቻ 32ቱን ወይም 80ውን እዘዙ። ለዘመዳችሁ መልእክት ስትልኩ የሞዴሉን ስም ብቻ አትጻፉ፤ ኦሙንም ጻፉ፤ የካርቶኑንም ፎቶ ከመክፈሉ በፊት እንዲልክላችሁ ጠይቁት።